ክምሩን የት ላድርገው ብላችሁ ጠይቁ

በግቢያችን ከወጥ ቤት ትራፊ ማዳበሪያ ለማብላላት ስነሳ ይህን ቀድሞ የነገረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ ሦስት ሳምንት ሙሉ ጎረቤቶቼን ባላስቀየምኩ ነበር።

ብክነትን ለመቀነስ ቤት ውስጥ የሠራሁት ቀላል ነበር። አምፖሎቹን በኤልኢዲ ቀየርኩ። የድሮው በ60 ዋት የሚሰጠውን ብርሃን አዲሱ በ9 ዋት ገደማ ይሰጣል። የሚያንጠባጥቡትን ቧንቧዎች አሠራሁ። ከጣሪያ የሚወርደውን ዝናብ በበርሜል ማጠራቀም ጀመርኩ። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ ሲወርድ 1 ሊትር ውኃ ነው። በርሜሉን ብቻ ክደኑት፣ አለዚያ ትንኝ ይራባበታል።

የከበደኝ ጎረቤትን ያሳተፍኩበት ነው።

በጋራ ግቢያችን 12 ቤት አለ። ከየቤቱ የሚወጣው ቆሻሻ አብዛኛው ልጣጭና ትራፊ ነው። ይህ ተጭኖ ሄዶ በቆሻሻ ክምር ውስጥ ታፍኖ ሲበሰብስ ሚቴን ያወጣል፤ አየር ንብረትን ክፉኛ ከሚያሞቁት ጋዞች አንዱ ነው። እዚሁ ቢብላላ ግን ለአትክልታችን ማዳበሪያ ይሆናል። ሐሳቡ ትክክል ነበር። ዛሬም አምንበታለሁ።

ምክር ፍለጋ ወደሚመለከተው ጽሕፈት ቤት ሄድኩ። አንዲት ቅጠል ወረቀት ሰጡኝ። የወጥ ቤት ተረፈ ምርት ሰብስቡ፣ ከምሩ፣ በፕላስቲክ ሸፍኑ፣ ሦስት ወር ጠብቁ ይላል። ስለ ደረቅ ነገር አንድም ቃል የለም። ስጠይቅ "እንደ ወረቀቱ ይሥሩ" ተባልኩ።

እንደ ወረቀቱ ሠራሁ። ኅብረተሰቡን አነቃቁ ስለሚል ስብሰባ ጠራሁ፣ አርባ ደቂቃ ተናገርኩ። ሰው አጨበጨበ። ለየቤቱ ባልዲ አደልኩ። ክምሩን ከግቢው ጥግ፣ ከአንዲት እናት መስኮት አራት ሜትር ላይ አደረግኩት። እሳቸውን አልጠየቅኳቸውም። ቦታው ለእኔ ባዶ ነበርና ጥያቄ መኖሩም አልታየኝ።

በመጀመሪያው ሳምንት መሽተት ጀመረ። የተበላሸ እንቁላል ዓይነት ሽታ ነው። ቀጥሎ ዝንብ መጣ። አንዳንዱ የሥጋ ትራፊ ስለሚጥል አይጥም መጣ። እኔ ግን ወረቀቱ "ጠብቁ" ስላለ ጠበቅሁ። ዛሬም የሚያናድደኝ ይሄ ነው። አፍንጫዬን ትቼ ወረቀት አመንኩ።

በሁለተኛው ሳምንት እማማ በሬ ላይ መጡ። "ልጄ፣ መስኮቴን ከከፈትኩ አሥር ቀን ሆነኝ" አሉኝ። ለምን ቀድመው አልነገሩኝም ስላቸው "እንደዚያ ደስ ብሎህ ስትሯሯጥ እያየሁ ምን ብዬ ላፍርስብህ?" አሉ። መልስ አልነበረኝም።

በሦስተኛው ሳምንት ያው ጽሕፈት ቤት ሰው ላከ። አቤቱታ ደርሷል፣ በአምስት ቀን ውስጥ ይነሳ አለ። የራሳቸውን ወረቀት አውጥቼ አሳየሁት። "ይሄ ለግንዛቤ ነው እንጂ" ብሎ ሄደ። ለግንዛቤ ከሆነ ግንዛቤው ትክክል መሆን አልነበረበትም?

ያዳነን አንድ አናጺ ጎረቤታችን ነው። ክምሩን በእንጨት ወጋ አድርጎ "ታፍኗል እኮ" አለ። ማታውን አንድ ጆንያ ሰጋቱራ ይዞ መጣ። ነገሩ ያው ነበር። ትራፊውን የሚያብላሉት በዓይን የማይታዩ ረቂቅ ተሕዋስያን አየር ይፈልጋሉ። እርጥብ ብቻ ተከምሮ ሲታፈን ያለ አየር የሚኖሩት ይተካሉ፣ ሽታውም የእነሱ ነው። በደረቁ ነገር የሚበዛው ካርቦንና በእርጥቡ የሚበዛው ናይትሮጅን ከ25 እስከ 30 ለ1 ቢሆኑ ጥሩ ነው ይባላል። እኛ በባልዲ ነው የምንለካው፦ አንድ እርጥብ፣ ሁለት ደረቅ ቅጠል፣ ሰጋቱራ ወይም የተቀደደ ካርቶን። ጨብጣችሁ ስትጨምቁት ከአንድ ሁለት ጠብታ በላይ ከወጣ ውኃው በዝቷል።

ፕላስቲኩን ገፈን፣ ሥጋውን ለቅመን አውጥተን፣ ሁሉንም በመንሽ ገለበጥነው። ቦታውንም ቀየርን። በአራተኛው ቀን ሽታው ጠፋ። በሳምንቱ ቴርሞሜትር ስንከትበት 58 ዲግሪ አለ። ከ55 በላይ ለተከታታይ ቀናት ሲቆይ የአረም ዘርና አብዛኛው የበሽታ ተሕዋስ ይሞታል። ያን ቀን የተሰማኝን ኩራት አልደብቅም።

አራት ቤቶች ግን ከማዳበሪያው ሥራ ወጥተዋል። አልፈርድባቸውም።

ልትጀምሩ ካሰባችሁ፣ ስብሰባ አትጥሩ። ከአንድ ፈቃደኛ ጎረቤት ጋር ብቻ ጀምሩ፣ ሌላው አይቶ ይምጣ። ማንም ይቻላል ቢላችሁ ሥጋና ቅባት አታስገቡ። እርጥቡን ከመሰብሰባችሁ በፊት ሁለት ጆንያ ደረቅ ቅጠል አከማቹ። ክምሩ በየአቅጣጫው አንድ ሜትር ያህል ይሁን፣ ካነሰ ሙቀት አይዝም። በየሳምንቱ ገልብጡት፣ ሦስት ወር ዝም ብሎ መጠበቅ የሚባለውን እርሱት። ክምሩንም ከራሳችሁ መስኮት ሥር አድርጉት። የእኛ አሁን ያለው ከእኔ መኝታ ቤት ሦስት ሜትር ላይ ነው።

ከወጡት አራት ቤቶች አንዱ ባለፈው ሳምንት ባልዲውን አጥቦ መለሰልኝ። ተቀበልኩት፣ ስለ ክምሩ ግን ምንም አላልኩም።