ዳቦ የተከለከለው በየትኛው ቃል ነው?

በሐዋሳ በሚገኝ አንድ ጤና ጣቢያ በአዋላጅ ነርስነት ስሠራ፣ ሠራተኛውን ለሁለት የከፈለ አንድ ጉዳይ በውይይት እንዲፈታ ተወሰነና ውይይቱን የመምራት ኃላፊነት በእኔ ላይ ወደቀ። የተመረጥሁት ሰው የማስታረቅ ተሰጥኦ ስላለኝ አልነበረም፤ ስለ እሴትና አመለካከት የተሰጠ ሥልጠና ወስጄ የምስክር ወረቀት ይዤ የተመለስሁት እኔ ብቻ በመሆኔ ነው። ጉዳዩ ፅንስ ማቋረጥ ነበር። ከመካከላችን ገሚሱ በሲኤሲ፣ ማለትም የፅንስ ማቋረጥ አገልግሎት በሚሰጥበት ክፍል መመደብን እንደ ማንኛውም ተራ ሲቆጥር፣ ገሚሱ ደግሞ ስሙ በዚያ ክፍል ትይዩ በወጣ ሳምንት ሁሉ የሕመም ፈቃድ ይጠይቃል። በዚህ መካከል ከካርድ ክፍል ወደ ቅድመ ወሊድ፣ ከቅድመ ወሊድ ወደ ቤተሰብ ምጣኔ እየተባለች የምትንከራተተው አገልግሎቱን ፈልጋ የመጣችው ሴት ነበረች።

ውይይቱ ዓርብ ከሰዓት በኋላ በክትባት ክፍል ተካሄደ። በፍሊፕ ቻርቱ ላይ በትልቁ የጻፍሁት የመጀመሪያው ደንብ ‹ገዳይ› እና ‹ኋላ ቀር› የሚሉት ቃላት ከበሩ ውጭ ይቆያሉ የሚል ነበር። ደንቡ ተከብሯል ማለት ይቻላል፤ ነገር ግን ሁለቱ ቃላት ሲከለከሉ ጠቡ ወደ ሌሎቹ ቃላት ተሸጋገረ። አንደኛው ወገን ‹ማስወረድ› ሲል ሌላኛው ‹ማቋረጥ› እያለ ያርመዋል፤ ‹ፅንስ› ለተባለው ‹ሕፃን› የሚል ማረሚያ ይመጣል። ቀጥሎ ሃምሳ ደቂቃ የፈጀብን የበሩ ጽሑፍ ነው። የአገልግሎቱ ስም በግልጽ ይጻፍ የሚሉና ምንም አይጻፍ የሚሉ ተከራክረው፣ በመጨረሻ ‹7› የሚል ቁጥር ብቻ እንዲለጠፍ ተስማማን፤ ሁለቱም ወገኖች ያሸነፉ መስሏቸው አጨበጨቡ። ወር ሳይሞላ ‹ሰባት ቁጥር› ምን ማለት እንደሆነ ከጥበቃው ጀምሮ ደጅ እስከሚቆሙት የባጃጅ ሾፌሮች ድረስ የማያውቅ ጠፋ።

ከተቃዋሚዎቹ ሁሉ ድምፃቸው ዝቅ ያለው፣ ነገር ግን ሁሉም ዓይን ዓይናቸውን የሚያያቸው፣ ጡረታ ለመውጣት ሁለት ዓመት የቀራቸው አንዲት ሲስተር ነበሩ። እሳቸው የሕመም ፈቃድ ጠይቀው አያውቁም፤ ‹አልገባም› ብለው በግልጽ የተናገሩ እሳቸው ብቻ ናቸው። እኔም እሳቸውን ካሳመንሁ ሌላው ይከተላል ብዬ ያለኝን ዕውቀት ሁሉ አፈሰስሁት። የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ እናቲቱን ከከባድ አደጋ ለማዳን ካልሆነ በቀር ይከለክል እንደነበር፤ ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራው የወንጀል ሕግ ግን በአንቀጽ 551 መደፈርን፣ በቅርብ ዘመዳሞች መካከል የተፈጠረ እርግዝናን፣ በሕይወትና በእናቲቱ ጤና ላይ የሚደርስ አደጋን፣ የማይድን ከባድ የፅንስ ጉድለትን፣ እንዲሁም እናቲቱ ለአካለ መጠን ባለመድረሷ ወይም ባለባት የአካል ወይም የአእምሮ ጉድለት ልጅ ለማሳደግ የማትችል መሆኗን እንደ በቂ ምክንያት መዘርዘሩን፤ መደፈርን በሚመለከትም በአንቀጽ 552 መሠረት የሴቲቱ ቃል ብቻ የሚበቃ መሆኑን አስረዳሁ። ሕጉ ራሱ የመቻቻል ውጤት ነው ስልም ኮራ ብዬ ነበር፤ የሃይማኖት ተቋማት እንዳይላላ ሲሞግቱ፣ የማኅፀንና ፅንስ ሐኪሞችና የሴቶች መብት ተከራካሪዎች እንዲሰፋ ሲጠይቁ፣ የወጣው ሕግ ድርጊቱን በመርሕ ደረጃ ወንጀል እንደሆነ አቆይቶ በተዘረዘሩት ሁኔታዎች ፈቀደ፤ ማንም የፈለገውን ሙሉ በሙሉ አላገኘም።

እዚያ ላይ ባበቃ መልካም ነበር። እኔ ግን «ሲስተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ በዚህ ምክንያት የሞተች ሴት በዓይንዎ አይተው ያውቃሉ?» ስል ጨመርሁ።

መነጽራቸውን አውልቀው በጋውናቸው ጫፍ ጠረጉት። ጠርገውም መልሰው አላደረጉትም።

«አንቺ ፊደል ሳትቆጥሪ እኔ ኢንፌክሽን ይዘው የሚመጡት የሚተኙበት ክፍል ተረኛ ነበርሁ። በአንድ ሌሊት ሁለት ገንዤ አውቃለሁ። ደጅ ለቆሙት እናቶቻቸው ‹ወባ ነው› ብዬ ዋሽቻለሁ፤ በልቅሶ ላይ ሐሜት እንዳይጨመርባቸው ብዬ። አይቻለሁ፣ ልጄ። አይቼም እጄ እምቢ ይለኛል።»

ሥልጠናው ለዚህ ሰው ቦታ አላዘጋጀልኝም ነበር። በማስታወሻ ደብተሬ ላይ ሰዎች ሁለት ዓይነት ናቸው፤ ያላዩና የሚቃወሙ፣ አይተው የተለወጡ። አይተው ያልተለወጡት በየትኛው ረድፍ እንደሚገቡ ሳሰላስል ክፍሉ ዝም አለ፤ በቆርቆሮው ላይ የሚወርደው ዝናብ ብቻ ይሰማ ነበር። ዝምታውን የሰበሩትም እሳቸው ናቸው፤ «ሰባት ቁጥር አልገባም፤ በሩ ላይም አልቆምም» አሉ። ከእኔ ሰዓት ተኩል ንግግር ይልቅ ይህ አንድ ዓረፍተ ነገር ለስምምነቱ መሠረት ሆነ። እንዲህም ተጻፈ፦ ሥራውን ሕሊናው ያልፈቀደለት ሰው ክፍሉ ውስጥ አይገባም፣ ነገር ግን የመጣችውን ሴት ሳያንገላታ እስከ ተረኛው ድረስ ያደርሳታል፤ የምክር አገልግሎቱ የተረኛው ሥራ ስለሆነ በመቀበያ ላይ ‹እርግጠኛ ነሽ?› ብሎ መጠየቅ አይፈቀድም፤ ሌላው ወገን ደግሞ አይሳለቅም፣ የተራ ለውጥ ሲጠየቅም አያጉረመርምም። ሁላችንም ፈረምን። በውይይቱ አንድ ቃል ያልተነፈሰ ባልደረባችን «ችግሩ በመግባባት ተፈትቷል» የሚል ሪፖርት በስሙ ጽፎ ላከ፤ ዛሬ በሌላ ከተማ የግጭት አፈታት አሠልጣኝ ነው።

ሦስት ሳምንት ያህል አለፈ። አንድ ጠዋት ከኢንዱስትሪ ፓርኩ የሌሊት ፈረቃ የወጣች ወጣት መጣች፤ ማንነቷን የሚያሳውቀውን ሁሉ ሆን ብዬ ትቼዋለሁ፤ ሕጉ ከሚፈቅዳቸው ሁኔታዎች በአንዱ ውስጥ እንደነበረች ብቻ ይታወቅልኝ። ካርዷ ጠረጴዛዬ ላይ ደርሷል፤ እሷ ግን አልመጣችም። ብጠብቅ፣ ብጠብቅ የለችም። በመጨረሻ ከሠራተኛ ክበቡ አግዳሚ ላይ አየኋት፤ ሲስተር ዳቦና ሻይ ገዝተውላት፣ ዳቦውን ሻይ ውስጥ እየነከረች ትበላለች፤ እንባዋም ይወርዳል። ቆይታ ተነሣችና «ነገ እመለሳለሁ» ብላ በበሩ ወጣች።

«ሲስተር፣ ስምምነታችንን አፈረሱ» አልኋቸው፤ ድምፄን ዝቅ ማድረጌን አላስታውስም።

«ምን አልኋት?»

«ጠይቀዋታል።»

«‹ቁርስ በልተሻል?› አልኋት። ከማታ ጀምሮ አልበላሁም አለችኝ።»

«እሱኮ ‹እርግጠኛ ነሽ?› ማለት ነው።»

ከኪሳቸው አራት ቦታ የታጠፈውን ወረቀት አውጥተው ዘረጉልኝ። «የፈረምሁት ይኸው። ዳቦ የተከለከለው በየትኛው ቃል ነው?»

የሚያሳፍረኝ፣ ወረቀቱን ተቀብዬ ማንበቤ ነው። ወለል የምትወለውለው ሠራተኛ መወልወያዋን ተደግፋ እያየችኝ፣ ራሴ ያረቀቅሁትን ጽሑፍ ከላይ እስከ ታች እየፈለግሁ አነበብሁት። ዳቦ የሚል አልነበረበትም። ሳምንት በተቆጠረ ቁጥር ሥራው እየከበደ እንደሚሄድ ሲስተር ከእኔ የበለጠ ያውቃሉ፤ ይህን እያወቁ ልጅቷን ለግማሽ ሰዓት ማስቀመጣቸው ተንኮል ነበር ብዬ ስፈርድ፣ ሌሊቱን ሙሉ ቆማ የሠራችን ልጅ በባዶ ሆዷ ልቀበላት የተዘጋጀሁት እኔ መሆኔ ትዝ ይለኛል። ካርዱን አይቼ ነበር፤ ስለ ምግብ የሚጠይቅ ቦታ የለውም።

በማግስቱ 3 ሰዓት ላይ ተመለሰች። መቀበያው ላይ የጠየቀችው ሰባት ቁጥርን ሳይሆን «ዳቦ የገዙልኝን እናት» ነበር። ሲስተር ይዘዋት መጡ፣ ደፉ ጋ ሲደርሱ ቆሙ፣ ቦርሳዋንና ነጠላዋን ተቀብለው ወደ እኔ ለቀቋት። ሥራው ያለ ችግር ተፈጸመ። ስወጣ ሲስተር ከበሩ ትይዩ ባለው አግዳሚ ላይ ፊታቸውን ወደ ግቢው አዙረው፣ ቦርሳውን ታቅፈው ተቀምጠዋል፤ ከንፈራቸው ይንቀሳቀስ ነበር። ጸሎቱ ለማን እንደሆነ አልጠየቅሁም።

«ጨረሰች?» አሉኝ ሳይዞሩ።

«ጨርሳለች፤ ደኅና ናት።»

«እንግዲያው ሻይ ልዘዝላት» ብለው ተነሡ።

ይቅርታ ልጠይቃቸው አፌን ከፍቼ ነበር። የወጣኝ ግን «ሲስተር፣ ስኳሩን በዛ ያድርጉላት» የሚል ነው።