ኔጌቲቭ ያልኩት ደም ኔጌቲቭ አልነበረም

ለላምፒ ስኪን (የከብት ቆዳ ላይ እባጭ የሚያወጣ የቫይረስ በሽታ) የኤላይዛ ምርመራ ለመሥራት ስነሳ የሚከብደው አንቲጅኑ መስሎኝ ነበር። ኤላይዛ ደም ውስጥ አንቲቦዲ፣ ማለትም ሰውነት በሽታን ወይም ክትባትን አይቶ የሚሠራው መከላከያ ፕሮቲን፣ መኖሩን በቀለም የሚያሳይ ምርመራ ነው፤ አንቲጅን ደግሞ አንቲቦዲው የሚይዘው የቫይረሱ ክፍል ነው። ከባዱ ንጹሕ፣ ማለትም የበሽታው አንቲቦዲ የሌለበት፣ ደም ማግኘት እንደሆነ የነገረኝ ሰው አልነበረም።

አንቲጅን ያደረግነው ፒ32 የሚባለውን የቫይረሱን ሽፋን ፕሮቲን ነው። በኢ ኮላይ ባክቴሪያ አመረትነው፣ አጠራነው፣ ባለ 96 ጉድጓድ ሳህን ላይ አስያዝነው። ሴረሙን (ደም ሲረጋ የሚለየውን ፈሳሽ) 1 ለ50 አቀጠንን፣ ቀለሙም መጣ። እስከዚህ ችግር የለም።

ከዚያ ፖዘቲቩን ከኔጌቲቩ የሚለየውን መስመር ማስመር ነበረብን። ለዚህ በሽታው ያልነካቸው፣ ክትባትም ያልወሰዱ ከብቶች ደም ያስፈልጋል። በሽታው በ1983 እ.ኤ.አ. ከጣና ደቡብ ምዕራብ ከታየ ወዲህ አገሩን አዳርሷል። እንዲህ ያለ መንጋ ከየት ይመጣል?

አንድ የወረዳ ቢሮ ሄድኩ። መዝገብ አገላብጠው "እዚያ ቀበሌ ሦስት ዓመት ክትባት አልተሰጠም" አሉኝ። ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ጻፉልኝ። ደብዳቤውን አምኜ 80 ናሙና ሰብስቤ ተመለስኩ።

ውጤቱ ተዘበራረቀ። ግማሹ ዝቅ ያለ፣ ሌላው ከታመሙት ከብቶች እኩል። አጠባው ነው ብዬ አጠባውን ቀየርኩ። የሳህኑን ባዶ ቦታ የምንሸፍንበት ወተት ነው ብዬ ወተቱን ቀየርኩ። አዲስ ኮንጁጌት (ከአንቲቦዲው ጋር ተጣብቆ ቀለሙን የሚያመጣውን) አስመጣሁ። አራት ወር እንዲህ ሄደ። በመጨረሻ ተስፋ ቆርጬ፣ ኔጌቲቭ ባልኳቸው ናሙናዎች አማካይ ላይ የስታንዳርድ ዴቪዬሽኑን (ውጤቶቹ ከአማካዩ የሚራራቁበትን ልክ) ሦስት እጥፍ ደምሬ መስመሩን አሰመርኩ። መስመሩ ሰማይ ወጣ። ገላቸው በእባጭ ተሸፍኖ የነበረ፣ በፒሲአር (የቫይረሱን ዘረመል በሚፈልግ ምርመራ) የተረጋገጡ ላሞች ኔጌቲቭ ሆኑ!

ወደ ቀበሌው ተመለስኩ። ደም ከወሰድኩባቸው ላሞች የአብዛኞቹ ባለቤት የሆኑ አንድ አባት ሲሰሙኝ ገረማቸው። "ዶክተር፣ አምና ጎረቤት ቀበሌ በሽታ ገብቶ የኛንም አብረው ከትበዋል እኮ። ማን ጠየቀኝ?" የዘመቻው ወረቀት ወደ መዝገቡ አልተገለበጠም ነበር። ቢሮው ዛሬም ያናድደኛል። የሚቆጨኝ ግን የራሴ ነው። ላሟን ቀንዷን ይዘው የቆሙልኝ እሳቸው ነበሩ። አንድ ጥያቄ ብጠይቃቸው ኖሮ አራት ወሩ ይተርፍ ነበር።

"እንገር ያልቀመሰ ጥጃ ደም ተጠቀም" የሚል ምክር ትሰማላችሁ። እውነት ነው፣ የላም አንቲቦዲ ወደ ጥጃው የሚያልፈው በእንገር እንጂ በማህፀን አይደለም። ግን በእሱ ብቻ መስመር አታስምሩ። እንዲህ ያለ ጥጃ ደሙ ውስጥ አንቲቦዲ የሚባል ነገር እምብዛም ስለሌለ መስመሩ ከመጠን በላይ ዝቅ ይላል፣ ጤነኛ በሬ ፖዘቲቭ ይወጣል። እኔን ያዋጣኝ ከስድስት ወር ያለፉ ጥጆችን ጆሯቸው ላይ ቁጥር አድርጎ፣ ከክትባት በፊት ደማቸውን ወስዶ፣ ከክትባት በኋላ በየሳምንቱ መከታተል ነው። እያንዳንዱ ጥጃ የሚነጻጸረው ከራሱ ጋር ነው።

ሌላም አለ። የምርመራ መመሪያው ኤላይዛህን ከቫይረስ ኒውትራላይዜሽን (የከብቱ አንቲቦዲ ቫይረሱን ማስቆም መቻሉን ከሚያይ ምርመራ) ጋር አስተያይ ይላል። አስተያዩ፣ ግን ብቸኛ ዳኛ አታድርጉት። ይህን ቫይረስ ሰውነት በአብዛኛው የሚከላከለው በሴሎች ነው፤ አንቲቦዲው ትንሽ ሊሆን ይችላል። እባጫቸው በፒሲአር ተረጋግጦ የዳኑ ሁለት በሬዎች በኒውትራላይዜሽን ኔጌቲቭ፣ በእኛ ኤላይዛ ፖዘቲቭ ሆኑ። መመሪያውን ብቻ ብከተል የእኛን ውጤት ስህተት ብዬ እጥለው ነበር።

በቅርቡ እኚያው አባት ደወሉልኝ። ከላሞቻቸው ሁለቷ ቢከተቡም አንቲቦዲ አልተገኘባቸውም። "ዘንድሮ ይታመማሉ ማለት ነው?" አሉኝ። አይደለም አባባ፣ ምርመራው ስለ መንጋው እንጂ ስለ አንዲት ላም አይናገርም አልኳቸው። ይህን ለወረዳውም ጽፌያለሁ።

አሁን የናሙና ቅጻችን ላይ ከመዝገቡ በፊት የሚሞላ አንድ መስመር አለ፦ "ከብቱን የሚጠብቀው ማነው? ስለ ክትባቱ ምን አለ?"