የመስቀል ወፍ የትም አይሄድም፦ ከደሴ እስከ ጨፋ የወፍ ዝርዝር እንዴት እንደያዝኩ

ጠፍቶ የሰነበተ ሰው ድንገት ሲመጣ «እንደ መስቀል ወፍ ብቅ አልክ» እንለዋለን። ወፉ ግን የትም አልሄደም። አንዱ ሰው ቀዩን፣ ሌላው ጥቁርና ቢጫውን የመስቀል ወፍ ይላል፤ ሁለቱም ቢሾፕ የሚባለው ወገን ናቸው። ወንዶቹ በክረምቱ ዝናብ ያጌጣሉ፤ መራቢያቸው ሲያልፍ ጌጡን አውልቀው እንደ ሴቶቹ ቡናማ ዥንጉርጉር ይሆናሉ። የመጀመሪያ ዓመት ዝርዝሬን ያበላሸው ይኸው ነው። ኮምቦልቻ ዳር በታጨደ የማሽላ ማሳ ላይ ጥር ውስጥ ያየሁትን ቡናማ መንጋ «ድንቢጥ» ብዬ መዘገብኩ፤ ከዝናቡ በኋላ እዚያው ቀዩን ሳይ አዲስ ዝርያ አገኘሁ ብዬ ጨመርኩ። አሁን በበጋ ያየሁትን ቡናማ መንጋ «ያልተለየ» ብዬ እጽፋለሁ፣ ድምር ውስጥም አላስገባውም። የቢጫው ወንድ ግን ጌጡን ቢያወልቅም ወገቡና ትከሻው ላይ ቢጫው ይቀርለታል። ሲነሳ ወገቡን ካየህ መመዝገብ ትችላለህ። ቀዩ እንዲህ ያለ ምልክት አያስተርፍም።

ሲጀመር ሦስት ደብተር ነበረኝ፦ የዕድሜ ልክ፣ የዓመትና የቦታ። በወሩ እርስ በርሳቸው ተጣሉ። አሁን ያለኝ አንድ መዝገብ ብቻ ነው፤ አንድ ረድፍ አንድ ዝርያ፣ በአንድ ቀን፣ በአንድ ቦታ። ዓምዶቹ ቀን፣ የተጀመረበት ሰዓት፣ የቆየሁበት ደቂቃ፣ የተጓዝኩት ርቀት፣ ቦታ፣ ከፍታ፣ ዝርያ፣ ብዛት፣ የታየ ወይስ የተሰማ፣ እና ማስታወሻ ናቸው። የዕድሜ ልኩም የዓመቱም ዝርዝር ከዚህ ተጣርቶ ይወጣል እንጂ ለብቻው አይጻፍም። ሜዳ ላይ የምጽፈው በእርሳስ ነው፤ የደሴ ጉም ደብተሩን ሲያርሰው እስክሪብቶ ይፈሳል።

የዓመት ዝርዝር የሚይዝ ሰው መጀመሪያ መወሰን ያለበት ዓመቱ ከየት እንደሚጀምር ነው። ፈረንጆቹ ከጃንዋሪ 1 ይቆጥራሉ፤ እኔ ከመስከረም 1። ይህ አገር ወዳድነት አይደለም። ከአውሮፓና ከእስያ የሚመጡት ወፎች በብዛት መስከረምና ጥቅምት ይደርሳሉ፣ መጋቢትና ሚያዝያ ይመለሳሉ። በፈረንጁ ቆጠራ አንዱ የእንግድነት ወቅት ለሁለት ይሰነጠቃል፤ ታኅሣሥ መጀመሪያ ሐይቅ ላይ ያየሁት ዳክዬ ጥር አጋማሽ እዚያው ሲገኝ ለሁለት ዓመት ይቆጠራል። በእኛ ቆጠራ ግን አንድ ወቅት አንድ ዓመት ውስጥ ያርፋል፤ ዘንድሮ ያመለጠኝ በእርግጥም አምልጦኛል። የመለያ መጻሕፍት «የክረምት እንግዳ» ሲሉም የሚያወሩት ስለ ራሳቸው ብርድ ነው። በእኛ ክረምት እነዚህ ወፎች አብዛኞቹ እዚህ የሉም። ሐምሌ ላይ ሐይቅ ወርጄ የባዘንኩት ይህን ሳላስተውል ነው።

ኤክሴል ላይ ትልቁ ጣጣ የሚመጣው ቀኑን በእኛ አቆጣጠር ስትጽፍ ነው። ጳጉሜን 13ኛ ወር ብለህ ብታስገባ ቀን መሆኑን አይቀበልም፣ እንደ ተራ ጽሑፍ ያስቀምጠዋል፤ ጥቅምት 30ን 2017-02-30 ብትለውም ያው ነው፣ ፌብሩዋሪ 30 የለማ። እነዚህ ቢያንስ ስታደራጅ ከረድፉ ተለይተው ይታያሉ። ክፉው ዝም ብሎ የሚቀበለው ነው፦ ኅዳር 5ን 2017-03-05 ካልከው ማርች ያደርገውና ወፍህን ከመድረሻ ወቅቱ ወደ መመለሻው ይወረውረዋል። ስለዚህ በአንዱ ዓምድ የፈረንጁን ቀን ዓመት-ወር-ቀን አድርጌ እጽፋለሁ፣ በሌላው የእኛን ቀን «ኅዳር 5» ብዬ በፊደል። ዓመቱን የሚለይልኝ ትንሽ ሰንጠረዥ ነው፦ የእኛ 2016 በፈረንጁ ሴፕቴምበር 12፣ 2023 ጀመረ፤ 2017 ሴፕቴምበር 11፣ 2024፤ 2018 ሴፕቴምበር 11፣ 2025። ጳጉሜ 6 ስትሆን አዲስ ዓመት ወደ 12 ይገፋል፤ ሰንጠረዡ ከሌለ ያቺ አንዲት ቀን ሁሌ ትሳሳታለች።

ሰዓቱም ያው ነው። ኢበርድ ከፈረንጆቹ 2002 ጀምሮ የዓለምን ወፍ ተመልካቾች መዝገብ የሚሰበስብ ነው፣ የስልክ መተግበሪያው ነፃ ነው፣ የአገሩን ዝርዝር አስቀድመህ ካወረድክለት ያለ ኔትወርክም ይሠራል። ስልኩ ሰዓቱን ራሱ ሲይዝ ችግር የለም። ቤት ገብተህ ከደብተር ስትገለብጥ ነው ጣጣው። ከጠዋቱ 1:15ን እንዳለ ካስገባኸው ሌሊት ሰባት ሰዓት ከሩብ ላይ ቁራ ቆጠርክ ማለት ነው። ጠዋት ከሆነ ስድስት ደምር፤ 7:15 ይሆናል።

ስም ላይ አማርኛችን ለወግ እንጂ ለመዝገብ አልተሠራም። ጭልፊት፣ ጥንብ አንሳ፣ ዋኔ፣ እያንዳንዱ የብዙ ዝርያ የጋራ ስም ነው። ቁራን ብቻ ውሰዱ። ጦሳ ተራራ ግርጌ ቆሻሻ የሚበትነው ግዙፉ፣ ምንቃሩ እንደ መጥረቢያ የወፈረው፣ ማጅራቱ ላይ ነጭ ምልክት ያለው ቲክ ቢልድ ሬቨን ነው፤ ከኢትዮጵያና ከአካባቢዋ ውጭ አይገኝም። ገደል አፋፍ ላይ በነፋስ የሚንሳፈፈው፣ ጅራቱ አጭር ከመሆኑ የተነሳ ከክንፉ ኋላ የተቆረጠ የሚመስለው ፋን ቴይልድ ነው። ደረቱና አንገቱ ነጭ የሆነው ፓይድ ክሮው ነው። «ቁራ» ብዬ የጻፍኳቸው የቆዩ ረድፎች ለምንም አልጠቀሙኝም። አሁን መጀመሪያ ምንቃር፣ ከዚያ ጅራት፣ ከዚያ ነጩ የት እንዳለ እጽፋለሁ፣ ስሙን መጨረሻ ላይ።

ደሴ ላይ ከሁሉ ያሳሳተኝ ኦገር በዘርድ የተባለው አዳኝ ወፍ ነው። ያደገው ቀይ ጅራቱ ከሩቅ ይጮሃል፤ ሆዱ ጥቁር የሆነውም ቢሆን ጅራቱ ቀይ ነው። ጫጩትነቱን ያልጨረሰው ግን ቡናማ ነው፣ ጅራቱም ገና አልቀላም፤ በመከር ከሰሜን ከሚያልፈው ስቴፕ በዘርድ ጋር ይምታታል። ክንፉ ሰፊ፣ ጅራቱ አጭር ከሆነ ኦገር ይሆናል፤ ካልጠራልህ «በዘርድ» ብለህ ተወው።

መነጽሩ 8 በ42 ነው፤ 8 ጊዜ ያቀርባል፣ የፊት መስታወቱ 42 ሚሊ ሜትር ነው። 10 በ42 ሞክሬ ነበር፣ ዳገት ወጥተህ ስታለከልክ ምስሉ አይረጋም። አብዛኛው ሰው «ብዥ ይልብኛል» የሚለው ባለማስተካከሉ ነው፦ የቀኙን መስታወት በእጅህ ሸፍን፣ መሃለኛውን ጎማ እያዞርክ በግራ ዓይንህ የሩቅ የሱቅ ማስታወቂያ አጥራ፤ ከዚያ ግራውን ሸፍነህ፣ ጎማውን ሳትነካ፣ የቀኙን ቀለበት አዙር። አንዴ ነው የሚሠራው። በክረምት ከጫማ ካርቶን ውስጥ የሚወጣውን የሲሊካ ጄል ከረጢት ማስቀመጫው ውስጥ ጣል አድርግ፤ ያለዚያ መስታወቱ ይሻግታል።

የአካባቢው ሀብት ቁልቁለቱ ነው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ነው፣ ኮምቦልቻ ከ1,900 በታች፤ መካከላቸው 25 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ጠዋት ጦሳ ግርጌ ጀምሮ፣ በሚኒባስ ኮምቦልቻ ወርዶ፣ ጊዜ ከተረፈ ወደ ከሚሴ ጨፋ ረግረግ መቀጠል በአንድ ቀን ሦስት ዓይነት ወፍ ያሳያል። ግን ሦስቱን በአንድ ምዝገባ አታጠቃልል። ከፍታው የጠፋበት መዝገብ ዋጋው ግማሽ ነው። እኔ መኪና ስሳፈር ዘግቼ ስወርድ አዲስ እከፍታለሁ።

የሚቆጠረው ሕያው፣ ዱር ያደረ፣ ያልታሰረ ወፍ ነው። የተሰማውን «ድ» እልበታለሁ። ለምሳሌ ዋትልድ አይቢስ ከመታየቱ በፊት ጩኸቱ ይደርሳል፤ ሲበርም ክንፉ ላይ ያለው ነጭ ይለየዋል እንጂ በስሙ የተጠራበት የአንገት እንጥልጥል ከሩቅ አይታይም።

መነጽር ይዘህ ማሳ ዳር ስትቆም ሰው ይጠይቅሃል። «ምን ጠፋህ ልጄ?» ሲሉህ «ወፍ ነው የማየው አባባ» ብለህ መነጽሩን ስጣቸው፤ የትኛው ዛፍ ላይ ጉጉት እንዳለ የነገሩኝ ብዙ ጊዜ እነሱ ናቸው። ካምፕና አየር ማረፊያ ባለበት አቅጣጫ ግን መነጽርህን አታንሳ።

ሊቃውንቱ ዝርያ ይከፍላሉ፣ ያዋህዳሉም። ለዚህ ማስታወሻ ዓምዱን አትናቀው። ቦሩ ሜዳ ሣሩ ላይ ከከብት እግር ሥር የምትሯሯጠው ቢጫ ወፍ፣ የሎው ዋግቴል፣ በበጋ በብዛት ትመጣለች፤ አንዱ ወንድ ራሱ ግራጫ፣ ሌላው ሰማያዊ ቢጤ፣ ሌላው ድቅድቅ ጥቁር ነው። ዛሬ አንድ ረድፍ ናቸው። እኔ ግን «ራስ ጥቁር 4፣ ራስ ግራጫ 11» ብዬ እጽፋለሁ።