ተችዳውን አግብቶ የጨፈረ ይቀጣ?

አቋሜን አስቀድሜ ልናገርና ልገላገል። በአሜሪካ ፉትቦል ተችዳውን ያገባ (ኳሷን ተጋጣሚው ሜዳ ጫፍ ያለው ኢንድ ዞን ውስጥ ያስገባ) ሰው ስለጨፈረ ቡድኑ መቀጣት የለበትም። ይጨፍር። ይንከባለል። ካሻው ከጓደኞቹ ጋር ድራማ ይሥራ። ተጋጣሚው አፍንጫ ሥር ሄዶ ሙድ ከያዘ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፣ እሱ ላይ እመለሳለሁ።

ይሄን የምጽፈው ዛሬ ከሰዓት ከጋሼ ጋር ስንጨቃጨቅ ቆይተን ሳንስማማ ስለተለያየን ነው። ጋሼ እዚሁ ሜሪላንድ የምንኖርበት ሕንጻ ላይ ጎረቤታችን ናቸው። ወደዚህ አገር የመጡት በ80ዎቹ መጀመሪያ ነው (እዚህ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ የፈረንጅ ናቸው)። ታክሲ እየነዱ የዋሽንግተንን ቡድን ጨዋታ በሬዲዮ ሲከታተሉ ነው እንግሊዝኛቸውም የተስተካከለው፣ ስለዚህ በፉትቦል ጉዳይ እሳቸውን መርታት ቀላል አይደለም። እሁድ እሁድ ቡና ሲፈላ ይመጣሉ። ሶፋው ላይ የራሳቸው ቦታ አላቸው።

ዛሬ አንዱ ተጫዋች ኳሷን ይዞ ገባና ወደ ተከላካዩ ዞሮ በጣቱ ሽጉጥ ሠርቶ አነጣጠረ። ዳኛ ጥፋት ሲያይ የሚጥላት ቢጫዋ ጨርቅ ወዲያው ሳሩ ላይ አረፈች። ቡድኑ 15 ያርድ፣ ማለት 14 ሜትር ገደማ፣ ወደኋላ ተቀጣ። "ደግ አደረጉት!" አሉ ጋሼ። "ድሮስ ጭፈራ ምን ያደርጋል? ወንድ ልጅ ሥራውን ሠርቶ፣ ኳሷን ለዳኛ ሰጥቶ ይመለሳል።" ልጄ ሰባተኛ ክፍል ነው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ፍላግ ፉትቦል (መጣጣል የሌለበትን ዓይነት) ይጫወታል፣ ዝም የማለት ችሎታ የለውም። "እና እርስዎ የሚሉትን ጨዋታ ማን ያየዋል ጋሼ?" አላቸው።

እኔ ደግሞ ደካማ ጎናቸውን አውቃለሁ። "ጋሼ፣ የጭፈራ ክልከላው የመጣው እኮ በእርስዎው ቡድን ምክንያት ነው" አልኳቸው። ዋሸሁ እንዴ? በ1982 እና በ1983 የዋሽንግተን ኳስ ተቀባዮች ፈን በንች ይባሉ ነበር። ተችዳውን ሲገባ ኢንድ ዞን ውስጥ ክብ ሠርተው ይቆማሉ፣ እጃቸውን ያወዛውዛሉ፣ ከዚያ ሁሉም በአንድ ላይ ዘለው አየር ላይ መዳፍ ለመዳፍ ይማታሉ። በቃ ይሄው ነው። በ1983 መጨረሻ ዳላስ ላይ ይህንኑ ሊያደርጉ ሲሰበሰቡ የዳላስ ካውቦይስ ተከላካዮች መሀላቸው ገብተው ሊበትኗቸው ሞከሩ። በ1984 ሊጉ (ኤንኤፍኤል) "ከልክ ያለፈ" ያለውን ጭፈራ ከለከለ። የኒው ዮርክ ጄትሱ ማርክ ጋስቲኖ ኳርተርባክ (የተጋጣሚን ዋና ኳስ ወርዋሪ) በጣለ ቁጥር የሚጨፍራት ነገርም አብራ ሄደች።

ጋሼ ሳቁ። "እነሱማ ጨዋ ልጆች ነበሩ!"

አያችሁ? የራሳችን ልጅ ሲጨፍር ደስታ ነው፣ የሰው ልጅ ሲጨፍር ብልግና ነው። ባለፈው ሰመር አንድ ሰርግ ላይ ጋሼ ራሳቸው ዱላ ይዘው ሲፎክሩ አይቻለሁ። ወደፊት ሄድ፣ ወደኋላ መለስ፣ ዓይናቸው ፈጦ፣ የአያታቸውን ስም እየጠሩ፣ የሙሽራዋ አጎት እንባ እስኪተናነቀው ድረስ። ያርድ የቀጣቸው የለም። ግን ልብ በሉ፣ ፎካሪ የሚጠራው የራሱንና የዘሩን ጀብዱ ነው። ከእንግዶቹ አንዱ ጋ ሄዶ "አንተ ፈሪ" አይልም። ቢል ሰርጉ በዱላ ያበቃል። እኔም ለፉትቦሉ የምፈልገው ይህንኑ ነው።

ክልከላ ደግሞ ጭፈራን አጥፍቶ አያውቅም፣ እንዲያውም ይወልደዋል። ኳስ መሬት ላይ መፈጥፈጥ እንዴት እንደተጀመረ ታውቃላችሁ? ድሮ ተጫዋቾች ተችዳውን ሲያገቡ ኳሷን ለተመልካች ይወረውሩ ነበር። ሊጉ ይህን በገንዘብ መቅጣት ጀመረ። በ1965 የኒው ዮርክ ጃይንትሱ ሆመር ጆንስ አገባ፣ ሊወረውር አሰበ፣ ቅጣቱ ትዝ አለው፣ ኳሷን ባለ በሌለ ኃይሉ መሬት ላይ ፈጠፈጣት። አሁን ሕፃን ልጅ ሁሉ የሚያደርጋት ስፓይክ የምትባለው ከዚያ መጣች። ከዚያ በ1973 የካንሳስ ሲቲው ኤልሞ ራይት እግሩን እያፈራረቀ ጨፈረ፣ በዓመቱ የሂውስተኑ ቢሊ ጆንሰን ነጭ ጫማውን አድርጎ ጉልበቱን እያንቀጠቀጠ መጣ፣ ከዚያ በኋላ ማን ሊመልሳቸው።

ጋሼ የማይረሱት ቴረል ኦወንስን ነው። ስሙ ሲነሳ ፊታቸው ይለዋወጣል። በ2000 ለሳን ፍራንሲስኮ ሲጫወት ዳላስ ላይ አግብቶ፣ ከኢንድ ዞን ተነስቶ እስከ ሜዳው መሀል ሮጦ፣ የካውቦይስ ምልክት የሆነው ኮከብ ላይ ቆመና እጁን ዘረጋ። ሁለተኛ ሲያገባ ደግሞ ደገመው። ጆርጅ ቲግ የሚባለው የዳላስ ተከላካይ ከኋላው እየሮጠ መጥቶ ገጨው። ቲግ ከሜዳ ተባረረ፣ ኦወንስን ደግሞ የገዛ አሰልጣኙ ለአንድ ሳምንት አገደው። እዚህ ላይ ከጋሼ ጋር አንድ ነን። የሰው ቤት ገብተህ ምንጣፉ ላይ መቆም ደስታ አይባልም። በ2002 ግን ያው ኦወንስ ሲያትል ላይ አግብቶ ከካልሲው ውስጥ ማርከር አውጥቶ ኳሷ ላይ ፈረመና ተመልካች መሀል ለተቀመጠው የገንዘብ አማካሪው ሰጠ። ይሄስ ማንን ጎዳ? በዓመቱ የኒው ኦርሊንሱ ጆ ሆርን የጎሉ ምሰሶ ስፖንጅ ሥር ሞባይል ደብቆ፣ ሲያገባ አውጥቶ ደወለ። 30,000 ዶላር ተቀጣ። የሞባይሉ ሂሳብ ተወደደበት። እኔ እስከ ዛሬ ሳየው እስቃለሁ።

በ2006 የክለብ ባለቤቶቹ ሕጉን ጭራሽ አጠበቁት። ዕቃ መጠቀም የለም፣ ኳሷንም ቢሆን። መሬት ላይ መተኛት፣ መንበርከክ የለም። ግሪን ቤይ ላይ ግን ያገባ ሰው አጥር ዘሎ ተመልካች ላይ መውደቅ ይችላል። በ1993 ሌሮይ በትለር የጀመረው ነው፣ ማንም አልነካውም። ለምን? ሰው ስለወደደው። በቃ፣ ሌላ ሕጋዊ ምክንያት የለውም።

የዚህ ሕግ ጣጣ በደንብ የታየው በ2014 መስከረም መጨረሻ ላይ ነው። የካንሳስ ሲቲው ሁሴን አብዱላህ ሙስሊም ነው። ያውም ለሐጅ ሲል የ2012ን ውድድር በሙሉ የተወ ሰው። ያን ቀን ከኒው ኢንግላንድ ጋር ሲጫወቱ የቶም ብሬዲን ኳስ ቀማና 39 ያርድ ሮጦ አገባ። በጉልበቱ ተንሸራተተ፣ ከዚያ ግንባሩን መሬት አስነክቶ ሱጁድ አደረገ። ቢጫ ጨርቅ! ክርስቲያኑ ተጫዋች ቲም ቲቦው ተንበርክኮ ሲጸልይ አገር ምድሩ እያጨበጨበለት፣ ይሄኛው ተቀጣ። በማግስቱ ሊጉ ራሱ ቅጣቱ ልክ አልነበረም አለ፣ ለእምነት ሲባል መሬት መንካት አያስቀጣም ብሎ። አብዱላህ ያስቀጣኝ መንሸራተቴ ይሆናል ብሎ በትሕትና አለፈው። እኔ ግን ዳኛው ላይ ብዙም አልፈርድም። "መሬት የነካ ይቀጣ" ብለህ ሕግ ጽፈህ ስታበቃ፣ ይሄኛው ጸሎት ነው ይሄኛው ጭፈራ ነው ብሎ በሰከንድ እንዲለይ ዳኛን ማስጨነቅ ምን ይሉታል? ሚስቴ እስካሁን ቡናዋ ላይ ነበረች፣ ይሄን ስትሰማ "እግዚአብሔርንም 15 ያርድ ቀጡት በለኛ" አለች። ጋሼ እዚህ ጋ ዝም አሉ። ዝም ካሉ ደግሞ ግማሽ ማሸነፍ ነው።

የኮሌጁ ይብሳል። ያለ ደሞዝ ተጫውተው በአንድ ሰላምታ ጨዋታ የተሸነፉ ልጆች አሉ። ታኅሣሥ 2010፣ ያንኪ ስታዲየም፣ ካንሳስ ስቴት ከሲራክዩስ። ካንሳስ ስቴት በስምንት ነጥብ እየተመራ አንድ ደቂቃ ከምናምን ሲቀረው አንዱ ልጅ ተችዳውን አገባ። 36 ለ34። አሁን ከተችዳውን በኋላ የምትሞከረውን ባለ ሁለት ነጥቧን ካገቡ አቻ ናቸው። ልጁ ወደ ተመልካቹ ዞሮ እንደ ወታደር እጁን ግንባሩ ላይ አድርጎ ሰላምታ ሰጠ። ለተመልካቹ ነው እንግዲህ፣ ለተጋጣሚው አይደለም። ቅጣት። ከ3 ያርድ ላይ ሊሞክሩት የነበረውን ከ18 ያርድ ላይ ሞከሩት፣ ሳተ፣ ጨዋታው አለቀ። ልጄ ይሄን ቪዲዮ ሲያይ ዳኛው ሰላምታውን እንዳየ ጨርቋን ሊያወጣ እጁ ወደ ወገቡ ስትሄድ ቴሌቪዥኑን አቆመና "አሁን ቢተወው ምን ነበረበት?" አለ። እኔ የምለው ይህንኑ ነው። ጭፈራው የተጀመረው ጨዋታው ከቆመ በኋላ ነው። ተችዳውኑ ገብቷል፣ ማንም ጥቅም አላገኘበትም። ያርድ ደግሞ የሜዳ ላይ ጥቅም ማካካሻ ነው። ያዝከው፣ ጎተትከው፣ ከመስመር ቀደምክ፣ ያርድ ትከፍላለህ። አንድ ሰው ስለተደሰተ ሌሎቹ ቡድኑ ሙሉ የሚከፍሉት ለምንድን ነው? ሰዓት ከገደለ እንደማንኛውም መዘግየት ይቀጣ፣ እሱን ማንም አይቃወምም።

እግር ኳስ የምታዩት ደግሞ "እኛስ ጋ ማሊያ ያወለቀ ቢጫ ያይ የለ" እንደምትሉ አውቃለሁ። አዎ፣ ከ2004 ጀምሮ። እሱንም አልወደውም፣ ግን ቢጫ ካርዱ ቢያንስ ያወለቀው ሰው ላይ ነው የሚወርደው።

ሌላ ደግሞ አለ። ፉትቦል ተጫዋች ሄልሜት ውስጥ ነው ያለው። ፊቱ አይታይም። ጀርባው ላይ ስም አለ፣ ከዚያ ውጪ ከላይ እስከ ታች ትጥቅ ነው። ውሉ ብዙ ጊዜ ሙሉ ዋስትና የለውም፣ ዛሬ ጉልበቱ ቢበጠስ ነገ ሊያሰናብቱት ይችላሉ። እድሜ ልኩን የለፋባት ነገር ተሳክታ ሰው ሁሉ እሱን የሚያይበት ጥቂት ሰከንድ አለች። እሷንም ዝም ብለህ እለፋት ማለት ይከብደኛል። ሊጉ ራሱ እኮ ያንኑ ጭፈራ ማስታወቂያው ላይ ያሳያል። በ2016 የዳላሱ ኢዚኪየል ኤሊየት አግብቶ ኢንድ ዞኑ ጀርባ የነበረው ትልቁ የሳልቬሽን አርሚ (የበጎ አድራጎት ድርጅት ነው) የምጽዋት ባልዲ ውስጥ ዘሎ ገባ። ዳኛ 15 ያርድ ቀጣ። ከዚያ ለድርጅቱ የሚለገሰው ገንዘብ ጨመረ፣ ሊጉም ተጫዋቹን በገንዘብ ሳይቀጣው ቀረ። ምን አይነት ሥርዓት ነው? በአንድ እጅ መቆንጠጥ፣ በሌላው ማሻሸት።

ደግነቱ ግንቦት 2017 ላይ ኮሚሽነሩ ሮጀር ጉዴል ከ80 በላይ የአሁንና የቀድሞ ተጫዋቾችን አነጋግሬያለሁ ብሎ ነገሩን አላላው። በቡድን መጨፈር ተፈቀደ፣ መሬት መንካት ተፈቀደ፣ ኳሷን መጠቀም ተፈቀደ። ያን ዓመት እንዴት ያለ ዓመት ነበር! ሚኒሶታዎች ኢንድ ዞን ውስጥ ክብ ሠርተው ተቀምጠው የሕፃናት ጨዋታ ተጫወቱ። ፒትስበርጎች የጎሉን ምሰሶ ተደግፈው ድብብቆሽ ተጫወቱ። እነዚያ ግድግዳ የሚያክሉ ሰዎች! ልጄ ያኔ ገና ሕፃን ነበር፣ አሁን በቪዲዮ እያየ ይንፈራፈራል። ሊጉም አልፈረሰ፣ ጨዋታውም አልረከሰ።

አሁንም ከተከለከሉት ዋናዎቹ ምንድን ናቸው? ተጋጣሚን ማብሸቅ፣ ብልግና፣ የመሣሪያ ምልክት። ማብሸቁ ይቀጣ፣ እስማማለሁ፣ በያርድም ቢሆን። ምክንያቱም ቀጥሎ የሚመጣው ጠብ ነው፣ የቲግንና የኦወንስን ነገር አይተናል። የመሣሪያው ነገር ላይ ግን ከልጄ ጋር አልተስማማንም። እሱ "ቪዲዮ ጌም ላይ ያለ ነገር ነው" ይላል። የራሳችን የዋሽንግተኑ ጆሽ ኖርማን በ2016 ኳስ ቀምቶ የቀስት ምልክት በመሥራቱ 15 ያርድ ተቀጥቷል፣ ላዩ ላይ 10,000 ዶላር። ቀስት! በዚህ ዘመን በቀስት የሚሰጋ ማነው? እሱስ ይለፍ። ጣት ቀስሮ ሰው ላይ ማነጣጠር ግን በዚህ አገር ትምህርት ቤት ልጅ ለሚልክ ወላጅ ቀልድ አይደለም። ታጣቂ ቢገባ ተብሎ እነ ልጄ በዓመት ስንት ጊዜ በሩ ተቆልፎ ጥግ ጥግ ይዘው ዝም እንዲሉ ይለማመዳሉ። የዛሬውን ተጫዋች ከኪሱ ያስከፍሉት፣ ያርዱንም ይውሰዱበት፣ አላዝንለትም። እዚህ ጋ ጋሼ "አየህ!" ብለው ጭኔን መቱኝ፣ ክርክሩን በሙሉ ያሸነፉ ይመስል።

እንዲህ እንዲህ ስንል ልጄ የኦዴል ቤክሃምን አመጣብን። በ2017 ለጃይንትስ ሲጫወት ፊላደልፊያ ላይ አግብቶ በአራት እግሩ ሆነና እንደ ውሻ እግሩን አንስቶ ሽንቱን የሚሸና መሰለ። 15 ያርድ፣ ላዩ ላይ 12,154 ዶላር። ጋሼ አላዩትም ነበርና ስልኩ ላይ ሲያሳያቸው መነጽራቸውን አወለቁ። "በስመ አብ!" ልጄ ወደ እኔ ዞረ። "አባዬ፣ ማንም ላይ ሙድ አልያዘም፣ ዕቃ አልተጠቀመም፣ ሰዓት አልገደለም። ባንተ ሕግ ይቀጣል አይቀጣም?"

በእኔ ሕግ ያርድ አይቀጣም። አስቀያሚ ነው፣ ግን አይቀጣም። ይህን ስል ጋሼ ተነስተው ኮፍያቸውን አደረጉ። እኔ ግን ለልጄ ቅዳሜ ሜዳ ላይ እንዳይሞክራት ነገርኩት፣ ዳኛው ዝም ቢለው እንኳ እናቱ ዳር ቆማ ታያለች፣ የእሷ ቅጣት ደግሞ በያርድ አይለካም።