ኒው ዮርክ ከተማ ውስጥ ሙሉ የሽጉጥ ፈቃድ ያወጣሁበት መንገድ

ኒው ዮርክ ከተማ ውስጥ ሽጉጥ ታጥቄ የምንቀሳቀስበት ሙሉ ፈቃድ አለኝ። ያገሬ ልጆች ይህን ሲሰሙ መጀመሪያ የሚጠይቁኝ «ማንን ይዘህ ነው?» ብለው ነው። ማንንም አልያዝኩም። ጠበቃም አላቆምኩም። ፈቃዱ የተሰጠኝ ወረቀቶቼ እርስ በርሳቸው ስለተስማሙና የተጠየቅኩትን ሁሉ ሳልደብቅ ስለተናገርኩ ነው። እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ። ዓመታቱን የምጽፈው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።

ብሮንክስ ውስጥ ትንሽ ሱቅ አለኝ። ማታ የምዘጋው እኔ ነኝ፤ የቀኑን ሽያጭ ይዤ የምወጣውም እኔው ነኝ። ቀደም ብዬ ያወጣሁት ፈቃድ ሱቁ ውስጥ ብቻ የሚሠራ ነበር። ሽጉጡ ከሱቅ ሲወጣ ለተኩስ ልምምድ ብቻ ነው፤ ያውም ጥይቱ ወጥቶ፣ ሳጥን ውስጥ ተቆልፎ። እስከ 2019 ድረስ እንዲህ ዓይነት ፈቃድ ያለው ሰው ሽጉጡን ከከተማው ውጭ ወዳለ መለማመጃ ቦታ መውሰድ እንኳ አይችልም ነበር። ከተማው ይህን ደንብ ያነሳው ክርክሩ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከደረሰ በኋላ ነው። ለእኔ ግን ዋናው ችግር ሌላ ነበር። በጣም የምሰጋው ገንዘብ ይዤ ከሱቁ በር እስከ መኪናዬ በምሄድባት ሰዓት ነው። በዚያች ሰዓት ሽጉጡ ሱቅ ውስጥ ተቆልፎ ይቀራል።

ታጥቆ ለመውጣት የድሮው ሕግ «በቂ ምክንያት» ይጠይቅ ነበር። ነገሩ ሽጉጥ በፈቃድ ብቻ እንዲያዝ ካደረገው ከ1911ዱ የኒው ዮርክ ሱሊቫን ሕግ የመጣ ነው፤ መስፈርቱ ራሱ የገባው በ1913 ማሻሻያ ነው። ሰፈሬ ያስፈራል፣ ማታ እሠራለሁ ማለት አይበቃም። ከሌላው ሰው የተለየ አደጋ እንዳለብህ ማሳየት አለብህ። ይህን መስፈርት ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጁን 23 ቀን 2022 በ6 ለ3 ድምፅ ሻረው። ከከሳሾቹ ሁለቱ ሬንሰሌር ከሚባል ካውንቲ የመጡ ተራ ሰዎች ነበሩ። ሁለቱም ፈቃድ ነበራቸው፤ ግን ገደብ የተጻፈበት፣ በመሠረቱ ለአደንና ለዒላማ ተኩስ የሚሆን። እነሱ የፈለጉት ያንን ገደብ ማስነሳት ነበር። ታሪካቸውን ሳነብ የራሴን ጉዳይ ያነበብኩ መሰለኝ።

ያን ሰሞን ብዙ ሰው «በቃ ተፈቀደ» ሲል ሰምቻለሁ። እንዲያ አይደለም። ግዛቱ ሳይውል ሳያድር አዲስ ሕግ አወጣ፤ ከሴፕቴምበር 1 ቀን 2022 ጀምሮም ሥራ ላይ ዋለ። ምክንያትህን አይጠይቅም። ማንነትህን ግን ከሥር መሠረቱ ይጠይቃል። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። ድሮ ብዙ ሰው የሚደክመው ጥሩ ምክንያት ለመጻፍ ነበር። አሁን ድካሙ ሁሉ ወደ ማስረጃው ዞሯል።

እኛ ኢትዮጵያውያን ደግሞ በማስረጃ በኩል የራሳችን ጣጣ አለን። የስማችን አጻጻፍ አንዱ ነው። መንጃ ፈቃዴ ላይ የአያቴ ስም የቤተሰብ ስም ሆኖ ገብቷል። ሌላ ወረቀት ላይ የአባቴ ስም ነው። የባለቤቴ የመጨረሻ ስም ከእኔ አይገጥምም፤ የልጆቼ ደግሞ የእኔ ስም ነው። ለእኛ ይህ ምንም አያስገርምም። ፋይሉን ለሚያገላብጠው መርማሪ ግን አንድ ቤት ውስጥ የማይዛመዱ ሰዎች ያሉ ይመስላል። የልደት ቀንም አለ። በእኛ አቆጣጠር የተጻፈ ቀን በትክክል ሳይመነዘር የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልዩነት ይዞ ይቀራል። ስለዚህ ማመልከቻውን ከመክፈቴ በፊት ወረቀቶቼን ሁሉ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋሁ። የልደት ማስረጃ፣ የዜግነት ወረቀት፣ የሶሻል ሴኩሪቲ ካርድ፣ መንጃ ፈቃድ፣ የጋብቻ ወረቀት። የማይገጥሙትን ለይቼ ሁሉም ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸውን የሚገልጽ ቃለ መሐላ ኖተሪ ፊት ፈረምኩ። የአሰያየም ልማዳችንን በአጭሩ አስረድቼም አያያዝኩት። በኋላ ስለ ስሜ ጥያቄ ያነሳ ሰው የለም። ለዚህች ሥራ የሚጠፋ ጊዜ አያስቆጭም።

ማመልከቻው የሚሞላው በኢንተርኔት ነው። ክፍያው 340 ዶላር ነው፤ የአሻራው ለብቻ ይከፈላል። ፈቃዱ ቢከለከል ገንዘቡ አይመለስም። ዕድሜ 21 የሞላው መሆን ግድ ነው። የዕድሜ ልክ የመንጃ ታሪክ ይጠየቃል። አብሮህ የሚኖር አዋቂ ሰው ሁሉ ይመዘገባል። የትዳር ጓደኛም ማወቋን ፈርማ ታረጋግጣለች። አንተ ብትሞት ወይም አቅም ብታጣ ሽጉጡን ተረክቦ የሚያስቀምጥ ሰውም ማቅረብ አለብህ። ሕጉ መጀመሪያ ሲወጣ የሦስት ዓመት የማኅበራዊ ሚዲያ ገጾችንም ዘርዝሩ ይል ነበር፤ ያንን ፍርድ ቤት አገደው።

ስለ ክስና እስር የሚጠይቀው ክፍል ላይ ትንሽ ልቆይ። ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ይመስለኛል። ጥያቄው ተፈርዶብህ እንደሆነ ብቻ አይደለም። ተይዘህ ታውቃለህ ወይ፣ መጥሪያ ተሰጥቶህ ያውቃል ወይ፣ ውድቅ ቢሆንም፣ ፋይሉ ቢታሸግም ነው። እኔ ከሱቅ ሥራ ጋር የተያያዘ የቆየ መጥሪያ ነበረኝ። ዳኛ ፊት ቀርቤ ውድቅ ሆኗል። አንድ ወዳጄ «ተው፣ የሞተ ነገር አታንቃ» አለኝ። አልሰማሁትም። ፍርድ ቤቱ ሄጄ የጉዳዩን ውሳኔ የሚያሳይ ማስረጃ አወጣሁ። ምን እንደነበረና እንዴት እንዳለቀ በግማሽ ገጽ ጻፍኩ። ቃለ መጠይቁ ቀን ያ ጉዳይ መርማሪው ፊት ታትሞ ተቀምጦ አየሁት። አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀኝ፤ መልሴ ከጻፍኩት ጋር ገጠመ፤ ወደሚቀጥለው አለፈ። ብደብቀው ኖሮ ውድቅ የሆነው ክስ አይጎዳኝም ነበር። የሚጎዳኝ መዋሸቴ ነበር። ሕጉ አመልካቹ «መልካም ጸባይ» ያለው እንዲሆን ይጠይቃል፤ የሐሰት መልስ ከሰጠ ሰው ጋር ደግሞ ስለ ጸባይ ብዙ መከራከር አያስፈልግም።

ይህን ስል ጫትን ሳልጠቅስ ባልፍ ደስ አይለኝም። ማሪዋና ኒው ዮርክ ውስጥ ከ2021 ጀምሮ ለአዋቂ ተፈቅዷል። በፌዴራል ሕግ ግን አልተፈቀደም። ሽጉጥ ስትገዛ የምትሞላው የፌዴራል ቅጽ ይህን በግልጽ ይጠይቃል። በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖንም በፌዴራል ሕግ ከተከለከሉት ዕፆች ከመጀመሪያው ረድፍ ነው። «የባህል ነው» የሚለው መልስ እዚያ ቅጽ ላይ ቦታ የለውም። የሚቅም ሰው ይህን ሳያጣራ ሽጉጥ ለመግዛት እንዳይነሳ ከልቤ እመክራለሁ። ቅጹ ላይ የሚጻፍ ውሸት ራሱን የቻለ ከባድ ወንጀል ነው።

ስለ ጸባዬ የሚመሰክሩ አራት ሰዎች ማቅረብ ነበረብኝ። ትልቅ ስም ያለው ሰው ከመፈለግ ይልቅ በደንብ የሚያውቀኝ ይሻላል ብዬ አሰብኩ። ከዕድራችን አንድ አባት ዘንድ ሄድኩ።

«ጋሼ፣ ስለ ጸባዬ ይመሰክሩልኛል?»

«ለምን ጉዳይ?»

ነገርኳቸው። ዝም ብለው ቆዩና «የማውቀውን እናገራለሁ። የማላውቀውን አልጨምርልህም» አሉኝ። ከዚህ የተሻለ ምስክር ከየት ይመጣል? ለሁሉም ምን እንደሚጠየቁ አስቀድሜ ነገርኳቸው። ምን ብለው እንደሚመልሱ ግን አልነገርኳቸውም።

ከባለቤቴ ጋር የነበረው ንግግር ከሁሉም ከበደኝ። ሽጉጡ እስከዚያ ድረስ ሱቅ ነበር፤ አሁን ማታ ማታ ቤት ሊገባ ነው። «ልጆቹስ?» አለችኝ። ሌላ ምንም አላለችም። ግዛቱ ዕድሜው ከ18 በታች የሆነ ልጅ ያለበት ቤት ሽጉጥ ከአጠገብህ ሲለይ እንዲቆለፍ ያስገድዳል። እሷ ግን ከሕጉ የጠበቀ ሁኔታ አቀረበች። መጀመሪያ የብረት ሳጥኑ ተገዝቶ ግድግዳው ላይ ይታሰራል፤ ከዚያ በኋላ ነው ወረቀቱን የምትፈርመው። እንዳለችው አደረግሁ። ባለቤቱ ያልተስማማችበት ሰው ይህን መንገድ ባይጀምረው እመርጣለሁ። ለፊርማው ብዬ አይደለም። አብራው የምትኖረው እሷ ናት።

ሥልጠናው 16 ሰዓት ክፍል ውስጥ፣ 2 ሰዓት ደግሞ ተኩስ ነው። የጽሑፍ ፈተናውን ለማለፍ 80 በመቶ ማምጣት ያስፈልጋል። ተኩሱ አያስቸግርም። ከአራት ያርድ ርቀት አምስት ጥይት ትተኩሳለህ፤ ቢያንስ አራቱ ወረቀቱን መምታት አለባቸው። እኔ ያደግሁት ምንሽር ግድግዳ ላይ በተሰቀለበት ቤት ነው። መሣሪያ አዲስ አይደለም። አዲስ የሆነብኝ የክፍሉ ትምህርት ነው። አብዛኛው ጊዜ የሚሄደው ላለመተኮስ ነው። ጠብ እንዴት ይበርዳል፣ ሰው ራሱን ሊያጠፋ ሲያስብ ምን ምልክት ያሳያል፣ ፖሊስ ሲያስቆምህ እጅህ የት ይሁን። የኒው ዮርክ ሕግ ከቤትህ ውጭ በሙሉ ደህንነት ማፈግፈግ ከቻልክ፣ በመሠረቱ፣ ገዳይ ኃይል ከመጠቀም በፊት አፈግፍግ ይላል። ዕቃ ይዞ የሚሮጥ ሌባ ላይ መተኮስ ወንጀለኛ ያደርግሃል። እኛ ዘንድ መሸሽ ነውር ነው። ታጥቆ መሸሽ ደግሞ ከነውርም በላይ ነው። አሠልጣኙ «ከታጠቅክ በኋላ ስድብ መመለስ አበቃ፤ የመኪና ማቆሚያ ክርክርም አበቃ» ሲለን ዝም ብዬ አዳመጥኩ። ታጥቄ ከወጣሁበት ቀን ጀምሮ በመንገድ ላይ ድምፄ ዝቅ ብሏል፤ ሱቅ የሚመጡ ደንበኞችም ያንን አይተዋል።

ሕጉ ማመልከቻ በስድስት ወር ውስጥ ይወሰን ይላል። የእኔ ጥቂት ዘገየ። በመጠበቂያው ጊዜ በየቀኑ መደወሉን ትቼ የተጠየቀ ተጨማሪ ወረቀት ካለ በዚያው ቀን እልክ ነበር። የላክሁትን ሁሉ ቅጂ ይዣለሁ፤ የላክሁበትን ቀንም ጽፌበታለሁ።

ፈቃዱ እጄ ገባ። ሽጉጤም ቁጥሩ ተጽፎ ተመዘገበ። «ሙሉ» የሚለው ነገር እስከ የት እንደሆነ የገባኝ ከዚያ በኋላ ነው። ፈቃዱ ላይ ገደብ የለም። ገደቡ ከተማው ላይ ነው። ሳብዌይና አውቶቡስ ውስጥ አይያዝም። ትምህርት ቤት፣ ሆስፒታል፣ ቤተ መጻሕፍት፣ የከተማው መናፈሻ ክልክል ነው። ታይምስ ስኩዌር በስሙ ተጠቅሶ ተከልክሏል። እዚያው የሚጠጣ መጠጥ የሚሸጥ ቤት ሁሉ ክልክል ነው፤ አንተ ውኃ ብቻ ብታዝዝም። ስለዚህ ቢራ የሚሸጥ የአበሻ ምግብ ቤት ታጥቄ ክትፎ ልበላ አልገባም። ቤተ ክርስቲያንም ክልክል ነው፤ ከ2023 ወዲህ ለቤተ እምነቱ ጥበቃ ኃላፊነት ለተሰጣቸው ሰዎች ብቻ ተፈቅዷል። እኔ ጠባቂ አይደለሁም። እሁድ ለቅዳሴ ስወጣ ሽጉጡ ሳጥኑ ውስጥ ይቀራል። ከተከለከሉት ቦታዎች በአንዱ ታጥቆ መገኘት ከባድ ወንጀል ነው።

«መኪና ውስጥ ትቼው ልግባ» የሚሉ አሉ። ይቻላል፤ ግን ጥይቱ ወጥቶ፣ ከሰው ዕይታ ውጭ፣ እሳትና ምት በሚችል የተቆለፈ ሳጥን ውስጥ። ከፊት ወንበር ያለው የመኪና ኪስ ቢቆለፍም አይቆጠርም፤ ሕጉ በግልጽ ጽፎታል። እኔ መኪናዬ ወለል ላይ በብረት ገመድ የታሰረ ሳጥን አለኝ። ቢሆንም የምሄድበት ቦታ ክልክል መሆኑን ካወቅኩ ከቤት ይዤ አልወጣም። መንገድ ዳር ሽጉጥ ማውጣትና ማስገባት ራሱ የሚያሳስበኝ ነገር ነው።

በየማለዳው መጀመሪያ የቀኑን ጉዞ አስባለሁ። ልጄን ትምህርት ቤት ካደረስኩ በኋላ ሱቅ ከሆነ የምሄደው፣ አድርሼ እመለስና ነው የምታጠቀው። በባቡር ከሆነ አልታጠቅም። በተግባር በሳምንት ውስጥ ታጥቄ የምውልባቸው ሰዓቶች ብዙ አይደሉም። ግን በዋናነት ያስፈለገኝ ሱቄን ዘግቼ ወደ መኪናዬ የምሄድባት ሰዓት ናት፤ እሷ አሁን ተሸፍናለች።

ለሚያስቡበት ሰዎች ሁለት ነገር ልጨምር። የከተማው ፈቃድ በመላው የኒው ዮርክ ግዛት ይሠራል። ከከተማው ውጭ ያለ ካውንቲ የሰጠው ፈቃድ ግን የከተማው ፖሊስ ካላጸደቀው እዚህ አይሠራም። ኦልባኒ ወይም ሮቼስተር ያላችሁ ወገኖች ይህን አስቡ። ሌላው ሃድሰን ወንዝን ተሻግሮ ያለው ኒው ጀርሲ ነው። የእኛን ፈቃድ አይቀበሉም። ዘመድ ልጠይቅ ብሎ ታጥቆ ድልድዩን የተሻገረ ሰው እዚያ ፈቃድ እንደሌለው ሰው ነው የሚታየው። ኒው ጀርሲ ለነዋሪ ላልሆነ ሰው የራሱን ፈቃድ ይሰጣል፤ ለብቻው ማመልከት ነው። እህቴ እዚያ ስለምትኖር አሁን ያንን ማመልከቻ እየሞላሁ ነው። እስኪሰጠኝ ድረስ ወደ እሷ የምሄደው ሽጉጤን ቤት ትቼ ነው።