ፓወር ሰፕላዩ ያልቻለው ግራፊክስ ካርድ

የምሠራው መገናኛ አካባቢ በሚገኝ አነስተኛ የኮምፒዩተር ጥገና ቤት ውስጥ ነው። ወደ እኛ ከሚመጡት የጌም ኮምፒዩተሮች አብዛኞቹ ከመነሻው ለጌም የተሠሩ አይደሉም፤ በውጭ አገር ቢሮዎች ለዓመታት አገልግለው በዱባይ በኩል ወደ አገራችን የገቡ ዴልና ኤችፒ ዴስክቶፖች ናቸው። ዋጋቸው ከአዲሶቹ ጋር ሲነጻጸር የሚቀመስ ስለሆነ ወጣቶች እነዚህን ገዝተው የጌሙን ምስል የሚሠራውን ክፍል፣ ግራፊክስ ካርድን፣ ይጨምሩባቸዋል። ሐሳቡ መልካም ነው፤ አቅም ለሌለው ሰው እኔም የምመክረው ይህንኑ ነው። ነገሩ የሚበላሸው ካርዱ ከሚገባበት ኮምፒዩተር ተነጥሎ ሲመረጥ ነው።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሃያዎቹን የጀመረ ወጣት ዴል ኦፕቲፕሌክስ 9020 ኮምፒዩተሩን በሁለት እጁ አቅፎ ገባ። ዊንዶውስ ላይ ሲሠራ ምንም እንከን እንደሌለበት፣ ጌም ተከፍቶ ጥቂት ደቂቃ ሲቆይ ግን ድርግም ብሎ እንደሚጠፋ ነገረኝ። ካርዱን ከአንድ ሰው ላይ ያገለገለ የገዛው በቅርቡ ነበር።

«ጋሼ፣ ካርዱ እንኳ ደህና ነው፤ የሸጠልኝ ልጅ ዓይኔ እያየ ጌም ከፍቶ አሳይቶኛል። የተበላሸው ዊንዶውሱ ይመስለኛል፤ ፎርማት ያድርጉልኝ» አለኝ።

«ፎርማቱ ይደርሳል፤ መጀመሪያ ኬዙን ልክፈተው» አልኩት።

ክዳኑን እንዳነሳሁት የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ወጣ። ውስጡ ባለ ሁለት ፋን ትልቅ አር ኤክስ 580 ካርድ አለ። ይህ ካርድ ከማዘርቦርዱ (ክፍሎቹ ሁሉ ከሚሰኩበት ዋና ሰሌዳ) ከሚያገኘው ኃይል በተጨማሪ በራሱ ገመድ የሚመጣ ባለ 8 ፒን መሰኪያ ይፈልጋል፤ የኮምፒዩተሩ ፓወር ሰፕላይ (ለክፍሎቹ ኤሌክትሪክ የሚያከፋፍለው ሣጥን) ግን እንዲህ ያለ ገመድ የለውም። ስለዚህ ለሃርድ ዲስክ ከተዘረጋው የሳታ የኃይል ገመድ ላይ ወደ ባለ 8 ፒን የሚቀይር አዳፕተር ተሰክቶበታል። ከሳታ መሰኪያዎቹ አንዱ በጎኑ በኩል ቀልጦ ቡናማ ሆኗል። ለመንቀል ስሞክር ከፊሉ ፕላስቲክ እዚያው ተጣብቆ ቀረ፤ ቢጫው ሽቦም መዳረሻው ላይ ሽፋኑ ደርቆ እንደ እንጨት ጠንክሯል። ወጣቱን ጠርቼ ቦታውን በጣቴ እያመለከትኩ አሳየሁት። ፊቱ ተለወጠ፤ ኮምፒዩተሩ ያለው ታናሽ ወንድሙ በሚተኛበት ክፍል ውስጥ ነበርና።

ነገሩ በቁጥር ሲታይ ግልጽ ነው። ግራፊክስ ካርድ የሚሰካበት የማዘርቦርድ ማስገቢያ ለካርዱ እስከ 75 ዋት ድረስ ይሰጣል። ባለ 6 ፒን ገመድ ሌላ 75 ዋት፣ ባለ 8 ፒን ደግሞ 150 ዋት እንዲያደርስ ተደርጎ የተሠራ ነው። አንድ የሳታ መሰኪያ ግን በ12 ቮልት መስመሩ ላይ የሚሸከመው 4.5 አምፔር፣ ማለትም 54 ዋት ብቻ ነው፤ የተሠራው ለሃርድ ዲስክ ነውና ለሃርድ ዲስክ ይበቃል። አር ኤክስ 580 በተለመደው ዓይነቱ 185 ዋት የሚስብ ካርድ ሲሆን የዚህ ኮምፒዩተር ፓወር ሰፕላይ በጠቅላላው 290 ዋት ነው፤ ከዚያም ላይ ፕሮሰሰሩ (የኮምፒዩተሩ ዋና አስሊ)፣ ዲስኩና ማዘርቦርዱ ድርሻቸውን ይወስዳሉ። የእንጀራ ምጣድን በቀጭን ማራዘሚያ ገመድ ላይ ሰክቶ ውሎ እንደ መጋገር ነው። አዳፕተሩ ቅርጹን ለወጠ እንጂ አቅም አልጨመረም። ኮምፒዩተሩ ጌም ላይ ሲደርስ መጥፋቱም ፓወር ሰፕላዩ ራሱን ለመጠበቅ የሚያደርገው ነገር ነው፤ ፎርማት ብናደርገው ኖሮ ገንዘቡን ተቀብለን እሳቱን መልሰን ወደ ቤቱ እንሰድደው ነበር።

በዚህ ጉዳይ አጥብቄ የምናገረው ያለ ምክንያት አይደለም። እነዚህ አዳፕተሮች ርካሽ ናቸው፤ በየሱቁ ይሸጣሉ፤ ሲገዙም ይሰካሉ፣ ኮምፒዩተሩም ይነሳል። ገዢው «ሠራ» ብሎ የሚሄደው ካርዱ ገና ሥራ ባልጀመረበት ሰዓት ነው። ጌም ሳይከፈት፣ የዊንዶውስ መነሻ ገጽ ላይ ብቻ፣ ግራፊክስ ካርድ የሚስበው ኃይል እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ ገመዱ የሚፈተነው ጌም ውስጥ፣ ያውም ረዘም ላለ ጊዜ ሲጫወቱ ነው።

ካርዱን አውጥቼ 500 ዋት ፓወር ሰፕላይ ባለው የሱቁ መሞከሪያ ኮምፒዩተር ላይ ሰካሁትና የካርድን ማንነት የሚያሳየውን ጂፒዩ-ዚ የተባለ ነጻ ፕሮግራም ከፈትኩ። ካርዱ ጤነኛ ነበር፤ ሻጩ እንዳለውም 8 ጊጋባይት ሚሞሪ አለው። የማስላት ክፍሎቹን ቁጥር የሚያሳየው መስመር ላይ ግን 2304 መሆን ሲገባው 2048 ይላል። የካርዱ ሠሪ ኤኤምዲ በ2018 ለቻይና ገበያ በዚህ ቁጥር ያወጣው አር ኤክስ 580 አለ፤ የማስላት ክፍሎቹ ብዛት ከአር ኤክስ 570 ጋር እኩል ነው። ያለ ጥርጥር የሚሠራ ካርድ ነው፤ ኃይል የሚስበውም ከሙሉው ትንሽ ያነሰ ነው፤ ነገር ግን ወጣቱ የከፈለው የሙሉውን ዋጋ ነበር፣ ለፓወር ሰፕላዩም ቢሆን ያው ከአቅም በላይ ነው። ጂፒዩ-ዚን ከፍቶ ማየት ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም። ያገለገለ ካርድ የሚገዛ ሰው ሁሉ ከመክፈሉ በፊት ይህን እንዲያይ እለምናለሁ፤ አሮጌ ካርድ ባዮሱ (ማንነቱን የሚናገረው የውስጥ ፕሮግራሙ) ተቀይሮ በአዲስ ካርድ ስም የሚሸጥበት ጊዜ አለ፤ ፕሮግራሙም አብዛኛውን ጊዜ ይህንን ለይቶ «ሐሰተኛ» የሚል ምልክት ያወጣበታል።

ከዚያ በኋላ ነው በምትኩ የሚገባውን ካርድ ወደ መምረጡ የገባነው። ወጣቱን የጠየቅሁት ስለ ካርድ ሳይሆን ምን ምን እንደሚጫወት፣ ሞኒተሩ ምን ዓይነት እንደሆነና ከጨዋታ ሌላ ምን እንደሚሠራበት ነበር። ሞኒተሩ የምስሉ መጠን 1600 በ900 ነጥብ የሆነ፣ በሰከንድ 60 ጊዜ ምስል የሚያድስ (60 ኸርዝ) የቢሮ ሞኒተር ነው። የሚጫወተው በዋናነት ካውንተር ስትራይክ 2 እና ጂቲኤ 5 ነው፤ አልፎ አልፎም ጨዋታውን እየቀዳ ቲክቶክ ላይ ይለቃል። ይህች የመጨረሻዋ ነገር ትንሽ ትመስላለች፤ ምርጫውን ከቀየሩት ነገሮች ግን አንዷ እርሷ ነበረች።

አብሮኝ የሚሠራው ባልደረባዬ ፓወር ሰፕላዩን ቀይረን የተሻለ ካርድ እናስገባለት የሚል ሐሳብ አቀረበ። ሐሳቡ በሌላ ኮምፒዩተር ላይ ቢሆን እቀበለው ነበር። የኦፕቲፕሌክስ 9020 ማዘርቦርድ ግን የሚቀበለው የተለመደውን ባለ 24 ፒን መሰኪያ ሳይሆን የራሱን ባለ 8 ፒን ስለሆነ ሌላ መቀየሪያ ገመድ ያስፈልገዋል። በዚያ ላይ ሌላ ጥያቄ ነበረብኝ፤ ፕሮሰሰሩ ኮር አይ5-4590 ነው። አራት ኮር ያለው፣ በ2014 የወጣ ደህና ፕሮሰሰር ነው፤ ይሁን እንጂ ለኃይለኛ ካርድ ሥራ አቀብሎ ሊያጠግበው አይችልም።

ይህን በቃል ከመከራከር ይልቅ እንፈትነው አልኩ። በሱቁ ያለውን ጂቲኤክስ 1650 ካርድ በወጣቱ ኮምፒዩተር ላይ ሰክተን ካውንተር ስትራይክን በ1600 በ900 ከፈትንና በሰከንድ የሚታየውን የፍሬም (የምስል) ቁጥር መዘገብን። ከዚያም የምስሉን ጥራትና መጠን ጨዋታው እስከሚፈቅደው ድረስ ዝቅ አደረግነው። ድክመቱ የካርዱ ቢሆን ኖሮ ሥራው ሲቀልለት ቁጥሩ በጉልህ መጨመር ነበረበት፤ እርሱ ግን ከቦታው እምብዛም አልተነቃነቀም። የካርዱ የሥራ መጠን ወርዶ ግማሽ ያህሉ ሥራ ፈት ሆኖ ሲቀመጥ ፕሮሰሰሩ ግን ጣሪያ ነክቶ ነበር። ወጣቱ ስክሪኑን ሲመለከት ቆየና «ስለዚህ ካርዱን ባሳድገውም እዚሁ ነው የምቀረው ማለት ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። በዚህ ጨዋታ አዎን አልኩት። ባልደረባዬም ተስማማ።

ያለ ተጨማሪ ገመድ በማዘርቦርዱ ኃይል ብቻ ከሚሠሩት ካርዶች መካከል ሦስት ቀርተውን ነበር። አንደኛው አር ኤክስ 6400 ሲሆን 53 ዋት ብቻ ይስባል። ነገር ግን ከማዘርቦርዱ ጋር የሚነጋገረው በአራት መስመር ነው፤ የተሠራው ለአራተኛው ትውልድ ፒሲአይ ኤክስፕረስ (ካርዱ የሚሰካበት ማስገቢያ ዓይነት) ስለሆነ ሦስተኛው ትውልድ ላይ የመስመሩ ፍጥነት በግማሽ ይቀንሳል፣ የወጣቱ ማዘርቦርድም ሦስተኛው ትውልድ ነው። ከዚህም በላይ ቪዲዮ የሚቀዳ ክፍል የለውም፤ ቀረጻው ሁሉ ፕሮሰሰሩ ላይ ይወድቃል፤ ፕሮሰሰሩ ደግሞ እንዳየነው ከአሁኑም ደክሞታል። ሁለተኛው በ2024 የወጣው ባለ 6 ጊጋባይት አርቲኤክስ 3050 ነው። 70 ዋት ይስባል፣ ከሦስቱም ጠንካራው እርሱ ነው፤ ወጣቱ ኮምፒዩተሩን በቅርቡ የመቀየር ሐሳብ ቢኖረው ኖሮ እርሱን ገዝቶ ወደ አዲሱ እንዲያሸጋግረው እመክረው ነበር። ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲተመን ከተደረገ ወዲህ ግን የአዲስ ዕቃ ዋጋ ሌላ ሆኗል፤ ልዩነቱን ከፍሎ ፕሮሰሰሩ የማይጠቀምበትን አቅም መግዛት አይገባም ነበር። የቀረው ጂቲኤክስ 1650 ነው፤ 75 ዋት፣ 4 ጊጋባይት፣ የቪዲዮ መቅጃ ክፍል ያለው። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ አንዳንድ አምራቾች ይህንኑ ካርድ ባለ 6 ፒን መሰኪያ ጨምረው ስለሚያወጡት ስሙን ብቻ ሳይሆን የካርዱን ጠርዝ በዓይን ማየት ይገባል።

ባለ 8 ጊጋባይት ካርድ ተቀምጦ ባለ 4 ጊጋባይት መምረጣችን ለወጣቱ ቶሎ አልተዋጠለትም። የሚሞሪ ብዛት ዋጋ የሚኖረው የምስሉ መጠንና ጥራት ሲጨምር ነው፤ ለአዳዲስ ከባድ ጌሞች 4 ጊጋባይት ጠባብ መሆኑን አልደበቅሁትም። በእርሱ ሞኒተርና በሚጫወታቸው ጌሞች ግን ይበቃል። ካጠራቀመው ላይ የሚተርፈውን ራም ላይ እንዲያውለው ነገርኩት፤ ኮምፒዩተሩ ላይ የነበረው አንድ ነጠላ ባለ 8 ጊጋባይት ዲዲአር3 ስለነበር ተመሳሳዩን ስንጨምርለት ሁለቱ በጥንድ መሥራት ጀመሩ፤ ቀድሞ ውጊያ ሲበዛ ይታይ የነበረው መንተባተብም በጉልህ ቀነሰ።

ሳንዘነጋ ያደረግነው ሌላ ነገር የኬዙን አየር ማየት ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ አየሯ በባሕር ዳርቻ ካሉ ከተሞች አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ስለሆነ ፋን በተመሳሳይ ፍጥነት ቢዞርም የሚያወጣው ሙቀት ያንሳል። ኢንተርኔት ላይ የሚታየውን የሙቀት መለኪያ እንዳለ ወስዶ «የእኔም እንዲህ ይሆናል» ማለት አያስተማምንም። አቧራውን ነፍተን አወጣን፣ የፊቱን ፋን አጸዳን፣ ተንጠልጥለው አየሩን የሚዘጉትን ገመዶች ሰብስበን አሰርን፣ የቀለጠውን የኃይል ገመድም ቀየርን። ከዚያ ኮምፒዩተሩ ጌም ተከፍቶበት እስክንዘጋ ድረስ ሲሠራ ዋለ፤ አልጠፋም።

ከዚያ ወዲህ ጥገና ቤታችን አንድ አሠራር አጽንቷል። የካርድ ዋጋ በስልክ ለሚጠይቅ ሰው ዋጋ ከመናገራችን በፊት የኮምፒዩተሩን ሞዴል፣ በፓወር ሰፕላዩ ላይ ያለውን ጽሑፍና የውስጡን ፎቶ በቴሌግራም እንዲልክ እንጠይቃለን። አንዳንዱ ይሰለቻል፣ አንዳንዱም ወደ ሌላ ሱቅ ይሄዳል፤ ከሳታ ወደ ባለ 8 ፒን የሚቀይረውን አዳፕተር ለግራፊክስ ካርድ የሚጠይቀንን ግን ምክንያቱን አስረድተን እንመልሰዋለን እንጂ አንሸጥለትም።

አር ኤክስ 580ው ለጥቂት ጊዜ መደርደሪያችን ላይ ቆየ። ወጣቱ ለሽያጭ ሲያስተዋውቀው 2048 መሆኑን በግልጽ ጽፎ፣ ዋጋውንም በዚያው ልክ ቀንሶ ነበር። ባለ 550 ዋት ፓወር ሰፕላይ ያለው አንድ ገዢ መጥቶ ጂፒዩ-ዚ ላይ ቁጥሩን አይቶ፣ ጌም ከፍቶበት ሞክሮ ወሰደው።