ከቁም ሳጥን አናት የወረደችው አውሮፕላን

የአጎቴ የድሮ ዲሲ-3 አውሮፕላን የፕላስቲክ ሞዴል ዛሬ ቀኔን በላችው። የፒያሳ ጫጫታ በመስኮት ይገባል፣ እኔ በብርጭቆ ወረቀት እፈገፍጋለሁ። በድሮ የፕላስቲክ ሞዴል ላይ የአውሮፕላኑ ቆርቆሮ መጋጠሚያ መስመር ያበጠ ነው፤ እውነተኛው ላይ እንደዚያ ጎልቶ አይወጣም። ፍቄ አጠፋሁትና በመርፌ ጫፍ እንደገና ጫርኩት። አንዱ ጠመመብኝ፣ በስቱኮ ደፈንኩት (ማንም አላየም)። ተለጣፊ ምልክቶቹ ቢጫ ሆነዋል፤ ፀሐይ እንድታነጣቸው የመስኮቱ መስታወት ላይ ሰቅያቸዋለሁ።

ከእውነተኛዋ በ72 እጥፍ ታንሳለች፤ ክንፏ ከጫፍ ጫፍ 40 ሳንቲ ሜትር ገደማ። አየር መንገዳችን በ1938 ዓ.ም. ወደ ካይሮ የመጀመሪያ በረራውን ያደረገው በወታደራዊ እህቷ፣ በሲ-47 ነው።

እማዬ ቡና ይዛ ገባች። «ይሄ ሁሉ ልፋት ለአሻንጉሊት?» ትንሽ ቆይታ አንዷን ጎማ አነሳች። «ይቺስ የት ነው የምትገባው?»